እንቅልፍ የማያሸንፈው መነኩሴ

ጁላይ 16

ዛሬ ለገዛ ልጄ ሰገድኩ። ጉልበቴ እየተንቋቋ ሦስት ጊዜ ግንባሬን መሬት አስነካሁ። ሚስቴ ላምዱዋን ከጎኔ ስትሰግድ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባት ከተደፋችበት መነሳት አቃታት። ፓኮን ጸጉሩንም ቅንድቡንም ተላጭቶ፣ ቢጫ ልብሱን ለብሶ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ የሌላ ሰው ልጅ ፊት ይመስላል።

አባ ኢንታ፣ የጫካ ገዳማችን አለቃ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ነው የምትሉት» አሉን።

«ተወልዶ እስካሁን አንተ ያልኩትን?» አልኳቸው።

«ክረምቱ ረጅም ነው መምህር፣ ይለምዱታል።»

ነገ የክረምት ሱባኤ ይገባል። ሱባኤ የያዘ መነኩሴ ዝናቡ እስኪያበቃ ከገዳሙ ውጭ አያድርም። እኛም የፈለግነው ይህንኑ ነው። ፓኮን የሸንኮራ መኪና ሲነዳ ነው ያቺን የሹፌሮች ክኒን የጀመራት፣ እንቅልፍ የምታባርረውን። መጀመሪያ ለሥራው ብሎ ነበር፣ ኋላ ግን ሥራውንም ተወላት። የውሃ ፓምፓችንን ሸጠ። አንድ ሌሊት ጣሪያ ላይ ወጥቶ «የሚያሳድዱኝ መጡ» ሲል ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየን። እናቱ ያን ጊዜ ነው «ወይ ይመንኩስ ወይ ይሙት» ያለችው። መነኮሰ። ከእንግዲህ የዚያችን ነገር ስም በዚህ ደብተር አልጽፍም።

ጁላይ 19

ጠዋት ለምጽዋት በደጃችን አለፈ። ሩዙን ስጨምርለት የምጽዋት ጎድጓዳው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ነው ያደረው።

ጁላይ 25

ትናንት የጨረቃ ሌሊት ነበር፣ በየሳምንቱ ተቀምጠን እያሰላሰልን የምናድርበት፤ የሱባኤው የመጀመሪያ። ነጭ ለብሰን ማታ ወደ ጫካው ገባን። ሰዎች ለአባ ኢንታ የሠሩላቸው አዳራሽ አለ፣ እሳቸው ግን ምንጣፍ ያስቀምጡበታል። «ጣሪያ ሥር ሰው ቤቱ ያለ ይመስለዋል» ይላሉ። ስለዚህ ዝናብም ቢሆን ሁላችንም ዛፍ ሥር ነን። መነኮሳቱ እያንዳንዳቸው ትልቅ ጃንጥላ ከቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥለው አጎበር ያለብሱታል። እኛ ምእመናን ጃንጥላ እንኳ ሳይኖረን ከወባ ትንኝ ጋር እንቀመጣለን። የተቻለው እስኪነጋ ጀርባውን መሬት አያስነካም። የእኔን ነገር ተዉት፣ ግማሹን ሌሊት አገጬ ደረቴ ላይ ነበር። ኑዋን፣ ያቺ የገበያ መንገድ ባለሱቅ፣ ከኋላዬ ሆና በጣቷ ትጠቀጥቀኛለች። «መምህር፣ ያንኮራፋሉ፣ ጉንዳኖቹ ተረበሹ።»

ይሄ ሁሉ ምንም አይደል። ፓኮን ግን ተቀምጦ ብዙም ሳይቆይ ተኛ። መተኛት ብቻ ቢሆን ደግ፤ ከነአጎበሩ ወደፊት ተደፍቶ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሰው ሳቀ። ፊቱን ከጭቃው ሲያወጣ እሱም ፈገግ አለ። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እነዚህን ሰዎች ከነልጆቻቸው ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ጁላይ 27

አባ ኢንታን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቅጠል እየጠረጉ ነበር።

«ምን አጠፋ? ተኛ እንጂ» አሉኝ።

«አባ፣ ሰው ፊት...»

«ያ ገላ ስንት ዓመት እንቅልፍ ተከልክሎ የኖረ ነው። ይተኛ። ክረምቱን ሙሉ ቢተኛልኝ ደስታዬ ነው። መቀመጥ ኋላ ይመጣል።»

እሺ ብዬ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ አላለኝም። መተኛትማ እቤቱም ይችል ነበር።

ጁላይ 31

ናሮንግ መጣ። በረዶ የሚያመላልሰው፣ የፓኮን የልጅነት ጓደኛ። አራተኛ ክፍል ሁለቴ አስተምሬዋለሁ። ዛሬም ሲያየኝ ሲጋራውን ከጀርባው ይደብቃል።

«ቲቸር፣ ይቺን ለአባ ፓኮን ይስጡልኝ። እኔ እጄ ቆሻሻ ነው፣ መነኩሴ ፊት መቅረብ አፍራለሁ።»

በአፍንጫ የምትሸተት የሜንታ ብልቃጥ ናት፣ ጣት የምታክል። በዚህ አገር ኪሱ ውስጥ እሷን የማይዝ የለም። መነኩሴ ደግሞ መድኃኒትም ሆነ ምግብ ሰው በእጁ ካላቀበለው አይነካም፣ መሬት ላይ ትተህለት ብትሄድ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ተንበርክኬ በሁለት እጄ አቀበልኩት።

«ከማን ነው?» አለኝ።

«ከናሮንግ። ጉንፋን እንዳይዝዎት ብሎ ነው።»

ተቀበለኝ። ቀለል ያለች ብትሆንም ስትነቃነቅ ውስጧ ትንሽ ይንኳኳል።

ኦገስት 9

ሌሊቱን ሙሉ ተቀመጠ!

ዝናቡ ወርዶ ወርዶ ሲያበቃ፣ ሰዉ እንደ ደረሰ የሩዝ ዛላ እዚህም እዚያም ሲዘም፣ ሽማግሌዎቹ መነኮሳት ሳይቀሩ ሲያንጎላጁ፣ የእኔ ልጅ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ዓይኑ ገርበብ እንኳ አላለም። ሲነጋ ተነስቶ ያለ አንዳች ድካም መጥረጊያ አነሳ። ላምዱዋን እቤት እስክንደርስ ድረስ መንገዱን አላየችውም። «እኔ ነኝ የወለድኩት» ትላለች እየደጋገመች፣ ሌላ ሰው ወልዶታል ያላት ያለ ይመስል።

ደከመኝ፣ ልተኛ።

ኦገስት 17

ዝናው ወጣ። ለሙሉዋ ጨረቃ ሌሊት ከሦስት መንደር ሰው መጣ። አባ ኢንታን ሳይሆን እሱን ሊያዩ ነው። ጫካው ነጭ በነጭ ሆነ። እሱም እንደ ባለፈው እስኪነጋ ፍንክች አላለም።

በማግስቱ ሎተሪ ይወጣ ነበር። ኑዋን ሌሊቱን ሙሉ አጎበሩ ላይ ስታፈጥ አድራ፣ «ጉልበቱን ስንት ጊዜ እንዳከከ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። በዚያ ቁጥር ቆረጠች። ደረሳት! ትንሽ ነው የደረሳት፣ ግን ደረሳት። አሁን ምጽዋት ሲወጣ ሰው በመንገዱ ላይ ተንበርክኮ ይጠብቀዋል።

የቀበሌው ሹም ትናንት ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ሰላም አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጭንቅላቱን እንኳ ነቅንቆልኝ አያውቅም። «የአባ ፓኮን አባት እኮ ነዎት!» አለኝ። አዎ ነኝ።

ናሮንግ ሌላ ብልቃጥ ላከ። አቀበልኩ።

ኦገስት 22

ከስቷል። ጎድጓዳው ውስጥ የምንጨምርለትን ግማሹን አይነካውም፣ ለውሾቹ ነው የሚሄደው። መንጋጋውን ያለማቋረጥ ያንቀሳቅሳል። ጸሎት ነው መሰለኝ።

አባ ኢንታ ጠሩኝ። «መምህር፣ ልጅዎ በቀትር ጫካውን ይጠርጋል። መንገዱን ማለቴ አይደለም፣ ጫካውን። ከዛፍ ሥር ቅጠል አንድ በአንድ ይለቅማል።»

«ትጋት ነው አባ።»

«በአንድ ወር?»

«ከልጅነቱም ነገር ከያዘ አይለቅም።»

ሽማግሌ ናቸው፣ ሰው ሁሉ እሳቸውን ትቶ ወደ እሱ መሄዱ ትንሽ ከንክኗቸው ይሆናል። ይሄን መጻፌ ነውር ነው። ግን ይሆናል።

ኦገስት 29

ከምጽዋት በኋላ ምንጩ ጋ ጎድጓዳውን ሲያጥብ አገኘሁት። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ቀና ብሎ ሳያየኝ ተናገረ።

«አባባ፣ ከናሮንግ ምንም ነገር እንዳታመጣልኝ።»

«ምን አመጣሁ? ሜንታውን ነው?»

«አዎ። ሜንታውን።»

«እሺ፣ ካልወደዱት...»

«የመውደድ ነገር አይደለም አባባ። እንዳታመጣው። ቢለምንህም፣ እኔ ራሴ ብለምንህም።»

እሺ አልኩት። እጁ አሸዋውን ይዞ ጎድጓዳውን ይፈትጋል፣ ይፈትጋል። ጎድጓዳው ከጸዳ ቆይቷል። ምን ማለቱ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። መነኩሴ ብዙ አይጠየቅም።

ሴፕቴምበር 7

ምነው ባልሄድኩ።

ሹሙ ከኡቦን ከተማ እንግዶች ይዞ መጥቶ ነበር፣ በሁለት መኪና። ከፊት አስቀመጧቸው፣ እኔንም ከጎናቸው። አባ ኢንታ «ትንፋሻችሁን ተከተሉ» ብለው ገና ዝም ከማለታቸው የፓኮን አጎበር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ድምፅ ተሰማ። እያለቀሰ ነው። እንደ ሕፃን ነው የሚያለቅሰው። ከዚያ ተጋደመና ተኛ፤ ብርድ ልብስ የሌለው ሰው እንደሚተኛው እጥፍጥፍ ብሎ። አባ ኢንታ ሄደው በራሳቸው መደረቢያ ሸፈኑት፣ ከጎኑም ተቀመጡ።

እንግዶቹ ሰዓታቸውን እያዩ ተነሱ። ሹሙ እኔን ሳያይ በፊቴ አለፈ። ኑዋን ሰው እንዲሰማት አድርጋ፣ «ብርሃኑ ተለይቶታል። በቃ፣ እንደኛው ሆነ» አለች።

ላምዱዋን ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሩዝ አበሰልኩ፣ አረረብኝ፣ ማንም አልበላውም።

ሴፕቴምበር 9

ፓኮን የምንኩስና ልብሱን አውልቆ ኡቦን ወደሚገኘው የሕክምና ማዕከል መሄድ እንደሚፈልግ ተናገረ። አባ ኢንታም ፈቅደዋል። «ሱባኤ ለሰው ነው እንጂ ሰው ለሱባኤ አይደለም፣ እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ» አሉ።

ላምዱዋን፣ «በክረምት አጋማሽ ልብሱን ቢያወልቅ ገበያ አልወጣም። ሰው ምን ይለኛል? የኑዋንን ሱቅ በየት ነው የማልፈው? እዚሁ ቤት ውስጥ ልሙት» አለች። ደግሞም እንደምታደርገው አውቃለሁ፣ እልኸኛ ናት።

ማታ ላይ ሄጄ አነጋገርኩት።

«ትንሽ ነው የቀረው። ሱባኤውን ጨርስና ከዚያ የፈለግከውን አድርግ። ለእናትህ ስትል።»

«አልችልም አባባ።»

«ስትችል አይተንሃል እኮ! ሰው ሁሉ አይቶሃል!»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «አንተም እንደዚያ ነው ያየኸው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። አንተ እያልኩት እንደነበር የታወሰኝ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ሴፕቴምበር 12

ናሮንግ ቤት ጎራ አልኩ። በመንገዴ ነበር። በረዶ መግዛት ነበረብን።

«አባ ፓኮን ጠፉብኝ ቲቸር። ሜንታው አልተስማማቸውም እንዴ?»

«ተስማምቷቸዋል» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በረዶው ቤት ስደርስ ቀልጧል። ናሮንግ ቤት በመንገዴ አይደለም።

ሴፕቴምበር 13

በሁለት እጄ፣ ተንበርክኬ። ብልቃጧን አላየም፣ እጆቼን ነው ያየው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ክንዴ ዛለ። «ይቀበሉኝ እንጂ» አልኩት። በመጨረሻ ተቀበለ።

ሴፕቴምበር 15

ተቀመጠ። እስኪነጋ። ላምዱዋን ዛሬ ገበያ ሄዳ ሐባብ ገዝታ መጣች፣ በመንገድ ላይ ያላናገራት የለም።

ሴፕቴምበር 22

አባ ኢንታ አስጠሩኝ። ሻይ በዝንጅብል ሰጡኝ። መጠጣቴን ጠብቀው፦

«መምህር፣ ሱባኤው ሲያልቅ እኛ መነኮሳት እርስ በርስ የምንባባለው ነገር አለ። ያየ፣ የሰማ፣ የጠረጠረ ቢኖር በፍቅር ይንገረኝ፣ አርማለሁ እንላለን። እርስዎ መነኩሴ አይደሉም። ግን አባት ነዎት። በልጅዎ ላይ ያዩት፣ የሰሙት፣ የጠረጠሩት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

«የለም?»

«ትንሽ ከስቷል።»

ሻዩ ጥሩ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

ኦክቶበር 7

መጻፍ ትቼ ሰነበትኩ። የሚጻፍ ነገር የለም፣ ሁሉም ደህና ነው። ፓኮን አያናግረኝም። መነኩሴ ዝምታ ያምርበታል። አንዳንዴ ሲሄድ ቆም ይልና መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ኑዋን ይሄም ምልክት ነው አለች፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆም ትቆጥራለች።

አንድ ሳምንት ብቻ። አንድ የጨረቃ ሌሊት። ከዚያ እኔ ራሴ ኡቦን አደርሰዋለሁ። ለናሮንግም ይህች የመጨረሻዋ ናት ብዬዋለሁ። ይህን የምጽፈው ምዬ ነው።

ኦክቶበር 14

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትናንት ሱባኤው አለቀ። ከሰዓት በኋላ መነኮሳቱ ብቻቸውን ተሰብስበው ያንን ተባብለዋል፤ ያየ፣ የሰማ፣ የጠረጠረ። እኛ ከአጥሩ ውጭ ሆነን ምንጣፍ እናነጥፋለን። ማታ ሰው እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሞላ። ዝናብ አልነበረም፣ ጨረቃዋ ቅጠሉን አንድ በአንድ ታሳያለች። ፓኮን አጎበሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሰዉን በዓይኑ ፈለገ። እናቱን ሲያገኝ ፈገግ አለ። ወደ እኔ አላየም።

ተቀመጥን። እንደ ልማዴ አንቀላፋለሁ፣ እነቃለሁ። በነቃሁ ቁጥር የእሱን ጥላ አያለሁ፣ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ጊዜ ስነቃ ጨረቃዋ ዞራለች። ጭንቅላቱ ወደ ግራ ትከሻው ዘንበል ብሏል።

ሁሉም ሰው ያንቀላፋል አልኩ። ሰው ነው፣ ደክሞት ነው። ግን እሱ አያንቀላፋም። ለምን እንደማያንቀላፋ... እንደማያንቀላፋ አውቃለሁ። ልነሳ ብዬ መዳፌን መሬት ላይ አስደገፍኩ። ያ ሁሉ ሰው እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ሹሙ ከፊቴ፣ ኑዋን ከኋላዬ። ተመስጦ ውስጥ ያለ መነኩሴ አይነካም። ብነካውና ቢተኛስ፣ ያ ሁሉ ሰው ቢያየውስ? መዳፌን መልሼ ጭኔ ላይ አደረግኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ በኋላ አንዴም አላንቀላፋሁም። ክረምቱን ሙሉ ያልቻልኩትን ትናንት ቻልኩ።

የንጋቱ ደወል ተመታ። ሰው ሁሉ እየተንጠራራ ተነሳ። እሱ አልተነሳም።

«ዝም በሉ!» አለች ኑዋን። «ገብቷል። ጥልቅ ተመስጦ ውስጥ ገብቷል።»

ሰዉ እንደገና ተንበረከከ። ሻማ አመጡ። ፀሐይ ወጣች፣ ከዛፎቹ በላይ ሆነች። ቀያይ ጉንዳኖች በአጎበሩ ላይ ሲወጡ አያለሁ። ላምዱዋን እጄን ያዘችኝ። እጇ ይሞቃል።

«አየኸው? ልጄን አየኸው?»

«አየሁት» አልኳት።

አባ ኢንታ ሌሊት ላይ አንድ የታመሙ መነኩሴ ሊጠይቁ ሄደው ነበር፣ አሁን ተመለሱ። ሰዉን ሲያዩ መንገዳቸውን ሮጡት፣ በዚያ ዕድሜያቸው። አጎበሩን ገለጡ። እጃቸውን አፍንጫው ሥር አደረጉ፣ ከዚያ አንገቱ ላይ። ከዚያ ከጎኑ ተቀመጡና ጭንቅላቱን ወደ ትከሻቸው አስጠጉት።

ከጤና ጣቢያ የመጣው ወጣት፣ ልቡ ነው አለ። ሳይነጋ ነው ያለፈው። «ቶሎ ቢደረስለት ኖሮ» ብሎ ጀመረና እኔን ሲያይ ዕቃውን መሰብሰብ ያዘ።

ኦክቶበር 16

ተቀምጦ የሞተ መነኩሴ ቅዱስ ነው ይላሉ። ሬሳው ይመርመር የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፣ ሰዉ ሊደባደብ ደረሰ። ሹሙ «ወላጆቹ ካልፈለጉ» አለና ወደ እኔ ዞረ። አንፈልግም አልኩ። ዛሬ ሎተሪ ወጣ፤ መንደሩ በሙሉ በዕድሜው ነው የቆረጠው። ማንም አልደረሰውም፣ ኑዋን አኩርፋለች።

አባ ኢንታ ወደ ጎጆአቸው ጠሩኝ። ጨርቅ ላይ ብልቃጦቹን ደርድረዋቸዋል፣ ክዳናቸው ተከፍቷል።

«እነዚህን በእጁ ያቀበለው ማን ነው?»

«ሰው ሁሉ ያመጣል አባ። ሜንታ ነው።»

ክዳኖቹን አንድ በአንድ ዘጉ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሱባኤው ሲዘጋ ልነግረው አቆየሁት። የዚያን ቀን በሌሎቹ ፊት እንዳይከፋው ብዬ ለጠዋት አሳደርኩት። ይሄው የእኔ ነው፣ እሸከመዋለሁ። የእርስዎስ?»

«ለጉንፋን ነው» አልኩ።

ጨርቁን ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡት፣ በሁለት እጃቸው። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም።

ኦክቶበር 20

ሬሳው በሚቃጠልበት ቀን ለሚመጣው ሰው የሚታደል መጽሐፍ ይታተማል፣ የሟቹ ታሪክ ያለበት። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፈው መምህር ነውና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ሹሙ ወረቀቱን በዛ አድርጎ አመጣልኝ። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «አባ ፓኮን ከልጅነታቸው ጀምሮ እንቅልፍ የማያሸንፋቸው ነበሩ።»

ላምዱዋን በትከሻዬ በኩል አነበበችው።

«ይሄማ እውነት አይደለም። ከትምህርት ቤት ስታመጣው ሞተር ላይ ይተኛ አልነበር? እንዳይወድቅ ብለን በሻርፔ ካንተ ጋር እናስረው ነበር እኮ። ጀርባህን በምራቁ ያረጥበው ነበር።»

«ሰው ማንበብ የሚፈልገው እንዲህ ነው» አልኳት።

የሻርፗን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ቆየች።

«እሺ፣ ተወው በቃ» አለችና ለነገው የጨረቃ ሌሊት የምንለብሰውን ነጭ ልብስ ልትተኩስ ገባች። እኔም ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ጀመርኩ።